ሁላችንም አንድ ላይ ስናረጅ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈራችን ውስጥ አንድ የባቡር ጡረተኛ ሞቱ። የእድሩ ጥሩንባ ጎህ ሳይቀድ ተነፋ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንበሩ ተደረደረ፣ ንፍሮው ተጣደ። ለቀስተኛ አልጠፋም፤ ግቢው ሞልቶ ሰው መንገድ ላይ ሁሉ ተቀምጧል። ችግሩ የታየው አስከሬኑ ከቤት የሚወጣበት ሰዓት ሲደርስ ነው። ሳጥኑን የሚያነሳ ሲፈለግ ብዙዎቹ ከወንበራቸው ብድግ ለማለት ሞከሩ። ግን አንዱ ያለ ከዘራ አይሄድም። አንዱ ወገቡን ታሟል። ሌላውን ሐኪም ከባድ ነገር እንዳያነሳ ከልክሎታል። እርስ በርስ ተያዩ። ማንም ምንም አላለም።

ሳጥኑን ያነሱት ጥግ ላይ ባጃጅ አቁመው ተራ የሚጠብቁ ልጆች ናቸው። የጠራቸው የለም። አይተው መጡ፣ ትከሻቸውን ሰጡ፣ እስከ መኪናው፣ ከመኪናው ደግሞ እስከ ጉድጓዱ አደረሱ። ከቀብር መልስ ሁሉም ወደ ድንኳኑ ሲገባ እነሱ ወደ ባጃጃቸው ሄዱ። የእድሩ አባል አይደሉም። ግቡ ያላቸውም አልነበረም።

የእድራችንን ሂሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። አባቴ ሲሞት በእሱ ቦታ ገባሁ፤ ሙያዬ ሂሳብ ስለሆነ ደብተሩን ሰጡኝ። ያን ዕለት ማታ የቀብሩን ወጪ ልመዘግብ ቁጭ ስል ዓይኔ ገንዘቡ ላይ አልቆየም። የአባላቱ ስም ላይ ቀረ። ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ ወረድኩ። ይሄ ሰውዬ መሸከም ይችላል? ያኛውስ? ገጹን እየገለጥኩ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ያ ዝርዝር ነው።

ባቡር ያሰፈረው ሰው

ለአዛውንት ብቻ ተብለው የሚሠሩ ሰፈሮች በሰው አገር አሉ፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ። የእኛን ሰፈር ግን ለጡረተኛ ብሎ የሠራው የለም። ከዚራን የሠራው ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 እዚህ ደረሰ። ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር፤ ተራራው አላስወጣ ሲል ሜዳው ላይ ድሬ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ እስኪደርስ እስከ 1909 ቆየ። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነው። ትልቁ ወርክሾፕ ግን እዚህ ስለነበር የሚበላሸው ሁሉ የሚጠገነው ድሬዳዋ ነበር። መካኒኩ፣ በያጁ፣ አናጢው፣ ሾፌሩ፣ ትኬት ቆራጩ እዚሁ ቤት ያዘ፣ እዚሁ ወለደ፣ እዚሁ አሳደገ።

የድሬ ሰው ይሄን ታሪክ ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ከታሪኩ ውስጥ አንድ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች በተቀራራቢ ዕድሜ ተቀጠሩ፤ በተቀራራቢ ዓመት ጡረታ ወጡ። ድርጅቱ ደህና በነበረ ጊዜ ይሄ አያስቸግርም ነበር። አንዱ ጡረታ ሲወጣ በቦታው ወጣት ይገባል፣ ወጣቱም አግብቶ እዚሁ ይኖራል። ከዚያ የድሮው ባቡር ደከመ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው በ2000 ዓ.ም. ግድም ቆመ። በ2009 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፣ የአዲሱ ግን 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር። የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም። ሙያውም እንደዚያው ነው፤ የአባቴ ጓደኞች እጅ የሚያውቀውን ማሽን አዲሱ ባቡር አይፈልገውም። የባቡር ሰው ወደ ከዚራ መግባቱ በዚሁ ቆመ። ልጆቻቸው ጅቡቲ ናቸው፣ አዲስ አበባ ናቸው፣ ዓረብ አገርና አሜሪካ ናቸው። ሰፈሩ ተተኪ ሳያገኝ ከሰዎቹ ጋር አብሮ አረጀ።

ይሄን ስል ግን ሰፈሩ አዝኖ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ሽማግሌዎቹ ለገሃሩ ፊት ለፊት ይሰባሰባሉ። አንዱ ሲመጣ ሌላው «ሳ ቫ?» ይለዋል፤ ፈረንሳይኛው ከሥራው ጋር የገባ ነው፣ ከሥራው ጋር አልወጣም። ሻይ አለ፣ ፈጢራ አለ፣ ስለ አንድ ጠመዝማዛ ኩርባና ስለ አንድ የተበላሸ ፍሬን የማያልቅ ክርክር አለ። ቀትር ላይ ሁሉም ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ሙቀቱ ሲበርድ የሚቅመው ይቅማል፣ የማይቅመው ካርታ ይጫወታል፣ እናቶች ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣሉ። ያደግኩት በዚህ ነው፤ ከዚህ የተሻለ እርጅና የትም ይገኛል ብዬ አላስብም ነበር።

አሁን ደግሞ ሰፈሩ በፍጥነት እየተለወጠ ነው። ዋናው መንገድ ዳር የነበሩ ቤቶች የፊት ክፍላቸው ሱቅ ሆኗል፣ ካፌ ሆኗል፣ ሞባይል መጠገኛ ሆኗል። ጡረታ ስለማይበቃ ጓሮው ክፍል እየተከፋፈለ ይከራያል። ከቀርሳ፣ ከደደር፣ ከሐረር የመጡ ልጆች ገብተውበታል። በ2010 ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦችም አሉ። ብዙ ሽማግሌዎች ይሄን ለውጥ አይወዱትም። ጩኸቱ በዛ፣ ሰው አይተዋወቅም ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ይጮኻል። እኔ ግን ማታ መብራት በርቶ ሰው ሲንቀሳቀስ ሳይ ደስ ይለኛል። ጨለማ ውስጥ የተዘጉ በሮች በዝተው ያየሁባቸው ዓመታት ስላሉ ነው።

ያ እሁድ

ከዚያ ቀብር በኋላ ለወሩ ስብሰባ ተጠራን። ድሬ ስብሰባ የሚያዘው በማለዳ ነው፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ኒሙ ሥር የእድሩን ወንበር ደርድረን ተቀመጥን። የእድሩ ዳኛ አጀንዳውን አነበቡ። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ፣ የተሰበሩ ወንበሮች፣ አዲስ አባል ስለ መቀበል። ሁለቱ ቶሎ አለቁ። ሦስተኛው ላይ ግን ሁሉም ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ተከራዮችና የባጃጅ ልጆች መግቢያው ተቀንሶላቸው አባል ይሁኑ ወይ አይሁኑ? አንድ የወርክሾፕ ጡረተኛ ቀድመው ተነሱ። «አቦ፣ እኔ እዚህ እድር ውስጥ መክፈል ስጀምር ደመወዜ መቶ ብር ቤት ነበር። ያንን ድንኳን የገዛነው ከልጆቻችን አፍ ላይ ነጥቀን ነው። ዛሬ የመጣ ተከራይ እኩል ሊካፈለን ነው? ነገ ኪራይ ሲጨምሩበት ጥሎ ይሄዳል። ያኔ ዕዳውን ማን ይከፍላል?» ብዙ ሰው አጨበጨበ።

እኔም ሐሳባቸውን አልናቅኩትም። መግቢያ ማለት የድንኳኑና የድስቱ፣ የወንበሩና የተጠራቀመው ገንዘብ ድርሻ ነው። ዓመት በጨመረ ቁጥር ያድጋል። አርባ ዓመት የከፈለና ዛሬ የገባ ሰው እኩል ነው ሲባል የቆየውን መቆርቆሩ ያለ ነው። ደግሞ እነዚህ ሰዎች በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የነበሩ ናቸው። ድንኳን ሳይነቀል ሌላ ቤት ሲተከል ያዩ ናቸው። እድር ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግራቸውም።

ዳኛው ወደ ድምፅ ሊወስዱት ሲሉ አንድ የባቡር ሾፌር የነበሩ አዛውንት እጃቸውን አነሱ። ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣሉ። በስብሰባ ላይ ብዙ አይናገሩም። ተቀምጠው ነው የተናገሩት።

«መሸከም የምትችሉ እስቲ ቁሙ።»

ሰው ግራ ገባው። አንዳንዱ ሳቀ። ደገሙት። «የእኔን ሳጥን ነው የምላችሁ። ከቤቴ እስከ መኪናው መንገድ። የምትችሉ ቁሙ፣ ልያችሁ።»

የቆመው ሰው በጣም ጥቂት ነው። እሱም ከስልሳ የወረደ የለም። አንዱ ሊነሳ ሲል ሚስቱ ሸሚዙን ይዛ መልሳ አስቀመጠችው፤ ቀዶ ጥገና ካደረገ ወር አልሞላውም ነበር። ሾፌሩ የቆሙትን አንድ በአንድ አዩ። «ተቀመጡ» አሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል ነበር። ሃምሳው ሰው የታለ?»

ከዚያ አንድ የመጋላ ሰፈር ሰው ተናገሩ። እድራችን እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት ነው፤ እሳቸው በመጋላ አፎሻቸውም (እንደ እድር ያለ የመረዳጃ ማኅበር ነው)፣ እኛ ጋ በእድሩም አባል ናቸው። «እኛ ዘንድ ጀናዛ ሲያልፍ አባል ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም» አሉ። «መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ትከሻውን ይሰጣል። ትንሽ ይሸከማል፣ ለሌላው ያቀብላል። ወላሂ ስንቱን የማላውቀውን ሰው ተሸክሜያለሁ። እኔንም የማያውቀኝ ይሸከመኛል። እነዚህ ልጆች ያን ነው ያደረጉት። እናንተ ስለ ድስት ትነግሩኛላችሁ።»

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እስክሪብቶዬን አንስቼ ውሳኔውን ልጽፍ ተዘጋጀሁ። ከኋላ በኩል አንዲት እናት ተናገሩ። ባላቸው ጡረታ ሳይወጡ የሞቱባቸው ናቸው፤ ልጆቻቸው ሁሉ ውጭ አገር ናቸው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሁሉም ዞሮ ማየት ነበረበት።

«እናንተ የምትጨቃጨቁት ስለ አንድ ቀን ነው» አሉ። «እኔ ስሞት እንደምትመጡ አውቃለሁ። ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይመጣል፣ ታለቅሱልኛላችሁ። ባለፈው ሳምንት መታጠቢያ ቤት ወድቄ ከጠዋት እስከ ቀትር መሬት ላይ ተኝቼ ነበር። ያነሳችኝ ተከራዬ ናት፤ ያቺ ሳምቡሳ ጠብሳ የምትሸጠው ልጅ። እድሩ ከሞትኩ በኋላ ይመጣል። ከዚያ በፊት ማን ነው የሚመጣው?»

መልስ የሰጠ የለም። ዳኛው ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ይደር ብለው ስብሰባውን ዘጉ። ሰው ወንበሩን ማንሳት ጀመረ። እኔ ግን ቃለ ጉባኤው ላይ ተያዝኩ። የእሳቸው ንግግር የትኛው አጀንዳ ሥር ነው የሚገባው? ጣሪያ አይደለም፣ ወንበር አይደለም፣ አዲስ አባልም አይደለም። እድራችን ለዚህ ጥያቄ አጀንዳ ኖሮት አያውቅም። «ልዩ ልዩ» የሚል ርዕስ ከፍቼ ቃል በቃል ጻፍኩት።

ሂሳቡ ምን ይላል

በማግስቱ ደብተሩን ይዤ ተቀመጥኩ። የተማርኩት ሂሳብ ስለሆነ ነገሩን በዚያ በኩል ካላየሁት አይገባኝም።

እድር የሚቆመው ሰው በዕድሜ ሲደባለቅ ነው። ወጣቱ ለብዙ ዓመት ከፍሎ ጥቂት ይጠቀማል፤ ሽማግሌው ተራው ሲደርስ ይቀበላል። በማንኛውም ተራ ሰፈር ሞት ተራርቆ ስለሚመጣ የወሩ መዋጮ ወጪውን ይችላል። እኛ ጋ ግን ሁሉም አንድ ትውልድ ነው። ሞቱም ተቀራርቦ ይመጣል። የሚከፍለው ሰው እየቀነሰ የሚከፈለው ይጨምራል። መዋጮ እንጨምር ቢባል ደግሞ የሚጨመረው ጡረተኛ ላይ ነው።

ጡረታውን ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። በአሁኑ ሕግ አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት የሠራ ሰው 55 በመቶ ይደርሰዋል ማለት ነው። ሲሞት ለሚስቱ የሚቀረው የዚያ ግማሽ ነው፤ ከአማካይ ደመወዙ 27 በመቶ ተኩል። ያ ደመወዝ ደግሞ ድሮ የተከፈለ፣ የድሮ ዋጋ የነበረው ደመወዝ ነው። መንግሥት አልፎ አልፎ ያስተካክለዋል፤ ገበያው ግን አልፎ አልፎ አይደለም የሚጨምረው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ስንቴ ዋጋው እንደተለወጠ እኔ ነኝ የማውቀው፤ እሷ አትሰማም፣ አልነግራትም።

እናቴ የምትኖረው በዚያ ግማሽ ነው። እኔ አለሁላት። ያቺ የወደቁት እናት ግን ግማሿን ይዘው ብቻቸውን ናቸው፤ ከእሷም ላይ በየወሩ ለመቅበሪያቸው ያዋጣሉ። ይሄ ነገር ከገባኝ በኋላ ደብተሩን እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

እህቴ ያለችበት አገር

እህቴ አሪዞና ናት። ሥራዋ አዛውንት ቤታቸው ድረስ ሄዶ መንከባከብ ነው። የስብሰባውን ወሬ በስልክ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና እሷ ስለምትሠራበት አካባቢ አወራችኝ። ፊኒክስ አጠገብ ሰን ሲቲ የሚባል ከተማ አለ። ዴል ዌብ የሚባል ቤት ሠሪ በፈረንጅ 1960 የከፈተው ነው፤ ጡረታ ለወጡ ሰዎች ብቻ። የጎልፍ ሜዳ አለ፣ መዋኛ አለ፣ የእንጨት ሥራ ክበብ፣ የስፌት ክበብ፣ የዳንስ ክበብ አለ። ሽማግሌዎቹ በትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ከቤት ቤት ይዞራሉ። ከዚያ ወዲህ እንደሱ ዓይነት ሰፈር በአሜሪካ በዝቷል። ሕጋቸውም ይፈቅዳል፤ ሰው ከሚኖርባቸው ቤቶች ቢያንስ 80 በመቶው ውስጥ 55 ዓመት የሞላው ሰው ካለ ሰፈሩ ለአዛውንት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የልጅ ልጅ ለጥየቃ ይመጣል፤ ግን እዚያ አያድግም።

እኛ አበሾች እንዲህ ያለ ነገር ስንሰማ የምንለው የታወቀ ነው። ወላጆቻቸውን ጣሏቸው እንላለን። እህቴ ይሄን አልወደደችውም። «አልተጣሉም» አለችኝ። «ራሳቸው መርጠው ገዝተው ነው የገቡት። ጠዋት የሚሄዱበት አላቸው። በራቸው ላይ ደረጃ የለም፤ መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ መያዣ ብረት አለ። ያቺ የሰፈራችን እናት መያዣ ብረት ቢኖራቸው ይወድቁ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። ቀጠለች። «ግን ልክ እንደናንተ ነው የሆኑት። በስልሳ ዓመታቸው አብረው ገብተው አብረው ሰማንያ አለፉ። የምንከባከባት ሴትዮ ጎረቤቶቿ ሁሉ እንደሷ ያረጁ ናቸው። አምፖል ሲቃጠልባት መሰላል ላይ የሚወጣላት የለም። ካልሲዋን የማጠልቅላት እኔ ነኝ፣ ከሌላ ሰፈር በአውቶቡስ መጥቼ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ አሰብኩ። እነሱ ወጣቱን በሕጋቸው አስቀሩት፤ እኛ ደግሞ ባቡሩ ሲቆም ቀረብን። መጨረሻው ተመሳሰለ። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እነሱ የተደራጁት ለሚኖሩባቸው ቀናት ነው፤ ክበቡም ብረቱም ለዚያ ነው። እኛ የተደራጀነው ለሞታችን ነው፤ በዚያ ማንም አይደርስብንም። አንዲት ሴት ስትሞት መቶ ወንበር በአንድ ሰዓት እናቀርባለን። በሕይወት ሳለች ለመታጠቢያ ቤቷ አንድ ብረት አላስገጠምንም። ወርክሾፕ ሙሉ በያጅ የነበረበት ሰፈር ነው የእኛ! ይሄ ያስቆጨኛል።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። እኔ የምፈልገው የእኛን እድር ይዤ የእነሱን ብረት መጨመር ነው። ካረጁ አይበጁ የሚለውን ተረት ደግሞ አልቀበለውም። ብረቱን ማን ይበይደዋል ብላችሁ ነው? በኋላ እንዳየሁት የተናገሩት እናት ቤት ሄደው ያስገጠሙት ያው መጀመሪያ የተቃወሙት የወርክሾፕ ጡረተኛ ናቸው። ማንም አላዘዛቸውም። ቧንቧ ቆርጠው፣ በይደው፣ በሲሚንቶ ቀብረው ሄዱ። ቁፋሮውን ያገዛቸው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ከባጃጅ ልጆቹ አንዱ።

የልጁ ጥያቄ

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ ልጆቹን ራሳቸውን ጠራናቸው። ይሄ መጀመሪያም መደረግ የነበረበት ነው፤ ስለ ሰው እያወሩ ሰውየውን አለመጥራት ልክ አይደለም። አንዳንዱ አባል ያሰበው ሌላ ነበር። መግቢያ እንተውላቸው፣ በምትኩ ይሸከሙልን፣ ድንኳን ይትከሉልን፣ ይላላኩልን የሚል ሐሳብ ቀረበ። ለጆሮ ደግ ይመስላል። እኔ ተቃወምኩ። ሰውን አባል ካልክ አባል ነው፤ ጉልበቱን ብቻ ፈልገህ ከሆነ ቀጠርከው እንጂ እድርተኛ አላደረግከውም። እንዲህ ስል ጥቂቶች አጉረመረሙ። አሁንም አቋሜ ያው ነው።

ከልጆቹ አንዱ ዕድል ሲሰጠው ቆመ። ተግባቢ ልጅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ለሽማግሌዎቹ ፈጢራ የሚያመላልሰው እሱ ነው። «ጋሼዎች፣ እንድሸከም አትጠይቁኝ፣ እሱን አደርገዋለሁ» አለ። «እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። እናቴ ገጠር ናት፣ ቀርሳ። እናቴ ብትሞት እድሩ ይመጣል?»

ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ። ከእነሱ ውስጥ የቀርሳን አቀበት በሚኒባስ ሄዶ በእግር ገጠር የሚገባ የለም። ግን ጥያቄው ትክክል ነው። እሱ የእኛን ሰው ይቀብራል፣ እኛ የእሱን አንቀብርም ከሆነ ነገሩ እድር አይደለም። ብዙ ተባለ። መጨረሻ ላይ የተስማማነው እንዲህ ነው። መግቢያው በዓመት ተከፋፍሎ ይከፈላል። የገጠር ቤተሰብ ሲሞት እድሩ ለከተማው የሚያወጣውን ያህል ገንዘብ ይልካል፤ መሄድ የሚችሉ ሁለት ሰዎችም እድሩን ወክለው ይሄዳሉ። ተከራይ ሰፈር ቢለቅም እየከፈለ አባልነቱ ይቀጥላል። በዚህኛው ላይ የወርክሾፑ ጡረተኛ እጃቸውን አወጡ፤ ደግፈው። ያቺ ሳምቡሳ ሻጭም በዚያው ቀን ተመዘገበች።

የገንዘብ ነገር ግን አሁንም አላማረኝም። ብዙ ጡረተኞች ባንክ መሄድ ሲያቅታቸው የምስጢር ቁጥራቸውን ለልጅ ሰጥተው ያስወጣሉ። አብዛኛው ልጅ ታማኝ ነው። አንድ ሰው ግን የሦስት ወር ጡረታቸው ጠፍቶባቸዋል፤ የወሰደውም አልታወቀም። ልጆቹን ሁሉ መጠርጠር ነውር ነው። ቁጥሩን እየሰጡ መቀጠልም አይሆንም። ለጊዜው የምንሠራው ባጃጁ ሰውየውን ራሱን ባንክ ወስዶ እንዲመልሰው ነው፤ ሂሳቡን እድሩ ይከፍላል። ቀስ ያለ ነው፣ ወጪም አለው። ግን ሰውየውም ከቤት ይወጣል፣ መንገድ ላይ የሚያውቀውን ሰላም ይላል።

በር ማንኳኳቱ ደግሞ ከሁሉም ከብዷል። ብቻቸውን የሚኖሩ አባላትን በተራ ጠዋት ጠዋት እናንኳኳ ብለን ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ማለት ይቀላል፤ ሥራ ያለው ሰው ግን ጠዋት ይቸኩላል፣ ጾም ይመጣል፣ ረመዳን ይመጣል፣ ተራው ይዘለላል። ደግሞ የሚንኳኳባቸውም ሁሉ አይወዱትም። አንድ አባት «አለሁ፣ አልሞትኩም፣ ሂዱ» ብለው መልሰውናል። ኩራታቸው ይገባኛል። ስለዚህ አሁን ስንሄድ ባዶ እጃችንን አንሄድም፤ ፈጢራውን ይዘን እንሄዳለን፣ ገንዘቡን ከእሳቸው እንቀበላለን። ያኔ ደንበኛ ሆነው በሩን ይከፍታሉ።

የሚቀረኝ የስረዛው ነገር ነው። መተዳደሪያ ደንባችን ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል ይላል። ደንቡ ሲወጣ ሁሉም ደመወዝተኛ ነበር። ዘንድሮ ዝርዝሩን ሳወጣው ያልከፈሉት አብዛኞቹ ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባላቸው ጋር የከፈሉበት እድር፣ ተራቸው ሲቃረብ ሊያስወጣቸው ነው። ለሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው፤ በግማሽ ጡረታ የምትኖር ሴት መዋጮዋም ግማሽ ይሁን፣ የማንም ስም ከመሰረዙ በፊት ደግሞ ሁለት አባላት ቤቷ ድረስ ሄደው ለምን እንዳልከፈለች ይጠይቁ፣ የሄዱትም ሰዎች ስማቸው ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። ዳኛው ደንብ አይነካም እንደሚሉኝ ከወዲሁ ነግረውኛል። ድምፅ ይሰጥበት እላለሁ። አዲሶቹ አባላትም ድምፅ አላቸው።